የምሽጉ በር ሰሌዳ

የእጅ ማጽጃ አልኮል ሽታ አሁንም ድንገት አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ በተሰደድንበት በዲፕስሉት ሰፈር፣ ከትንሿ ሱቃችን ከስፓዛው የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ በደንበኛው እጅ ላይ አልኮል የምረጭበት፣ ሰባተኛ ክፍል የነበርኩበት የኮሮና ዓመት ይመጣብኛል።

ቅጠሉ ሲረግፍ ከተማው ተዘጋ። አባባ ያን ጊዜ ከበሽታው ይልቅ አንድ ቃል ይፈራ ነበር፤ ፐርሚት። እኛ ዘንድ ፐርሚት ማለት የጥገኝነት ወረቀት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። የእሱ ጊዜው አልፎ፣ የሚያድሰውም ቢሮ በወረርሽኙ ተዘግቶ፣ የወታደር መኪና ባለፈ ቁጥር ከዱቄት ጆንያው ኋላ ቁጢጥ ይል ነበር። እንግሊዝኛ ስለማያነብ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ የማነብለት እኔ ነበርኩ፤ በዚህም ደረቴን እነፋ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የደረሰብን ግን ያልፈራነው ነው። ብርዱ ሲገባ እማዬ ሳል ጸናባትና ሆስፒታል ተኛች። ጠያቂ አይገባም ነበርና በስልክ «እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ በመስኮት ብቅ እላለሁ፤ ከአጥሩ ውጭ ቁሙልኝ፣ ልያችሁ» አለችን።

በአስፋልቱ ላይ ፍተሻ ስለነበረ ሜዳውን አቋርጠን ሄድን። ኮረብታው ላይ ነጭ ሰፋሪዎች በድሮ ጊዜ የሠሩት፣ ፈርሶም እንደገና የተገነባ የድንጋይ ምሽግ አለ፤ የእግር መንገዷ በበሩ ሥር ታልፋለች፣ በበሩ አጠገብም የብረት ሰሌዳ ቆሟል። አባባ ሰሌዳውን ሲያይ ቀጥ አለ።

«ምን ይላል?»

ከላይ በትልልቁ የተጻፈውን አነበብኩለት። «ፐርሚት የሌለው እንግዳ በዚህ በር አያልፍም፤ የተገኘ ይታሰራል ይላል።»

ከሥሩ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረ። አባባ ግን እጄን ጨምድዶ ይዞ ወደመጣንበት ይጎትተኝ ጀመር። እኔም ከምሽጉ ቀዳዳ ሁሉ ጠመንጃ የተደገነብን እየመሰለኝ ተከተልኩት። «እኔ ከታሰርኩ አንቺን ማን ያይሻል?» ይለኝ ነበር እየሮጠ።

ቤት እንደደረስን እማዬ ደወለች። «ቆሜ ቆሜ ደከመኝ እኮ፣ ምነው ቀራችሁ?»

«መንገድ ከለከሉን፤ ረቡዕ በሌላ በኩል እንመጣለን» አላት አባባ።

ማክሰኞ ጠዋት አረፈች።

ጃካራንዳው ሲያብብ እገዳው ላላና ብቻዬን ወደ ምሽጉ ወጥቼ ደቃቁን ጽሑፍ አነበብኩ። ከላይ ያለው ትእዛዝ ምሽጉ መጀመሪያ ሲሠራ በበሩ ላይ የተጻፈ መሆኑን፣ አሁን ለመታሰቢያ ብቻ መቀመጡን ይናገራል። ያወጡት ሰዎች አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያነበብኩትን ለአባባ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ያኔ ወታደር እፈራ ነበር። ዛሬ ወታደሩ የለም፣ የአባባ ወረቀት ታድሷል፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ የምፈራው አባባን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የእማዬ ነገር ይነሣና፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ «ይህቺ ልጄ ባታነብልኝ ኖሮ ያን ቀን ታስሬ ነበር» ይላል።