አበልጇ ያስነቀለው ሣር

ክሌርሲና ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን የምታሳድገው ችግኝ እየሸጠች ነው። ከቤቷ በታች ባለችው ደልዳላ ቦታ ማንጎ፣ አቮካዶና ቬቲቨር የሚባለውን ሥረ ረጅም ሣር ታፈላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌካይ ከተማ ገበያ ታወርዳለች። እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፣ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው።

ተራራችንን የላጨነው እኛው ነን። የቬቲቨር ሥር ለሽቶ ዘይት ስለሚፈለግ በየዓመቱ ስንቆፍር፣ ዝናብ የላላውን አፈር ጠርጎ ሲወስድ፣ ምንጩ ጭቃ ሆነ። ከአራት ዓመት በፊት ግን አነስተኛ ነጋዴዎችን የሚረዱ ሰዎች ከከተማ መጡ። ለኔ እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ አሠሩልኝ። ለክሌርሲና የውሃ ታንከርና የችግኝ ፕላስቲክ ሰጧት። ዘይት የሚያወጣው ኦዛናም ደግሞ ሥሩን የሚቀቅልበትን በርሜል በማገዶ ፈንታ በተቀቀለው ሥር ገለባ የሚያሞቅበት ምድጃ አገኘ። በምትኩ ቃል ገባን፦ ለሽያጭ የምንቆፍረው ታችኛውን ማሳ ብቻ ነው፤ ተዳፋቱ ላይ አግድም የተተከለው ሣር አይነካም። ማኅበር አቋቁመን ቃሉን እንድታስጠብቅ ክሌርሲናን ሊቀመንበር አደረግናት። መጀመሪያ እጁን ያወጣላት ኦዛናም ነበር። አበልጇ ነው፤ ልጇን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ምንጩ ጠራ። የተማሪዎች ሸሚዝ ታጥቦ ነጭ ሆኖ ይወጣ ጀመር።

ከዚያ የሥር ዋጋ ሰማይ ነካ። አንድ ሐሙስ ኦዛናም ክሌርሲና ቤት መጣ።

«አበልጄ፣ የከተማ ሰዎቹ ደውለውልኝ ነበር። ነገ ሌካይ ስብሰባ አለ፣ ሊቀመንበሯ ትምጣ ብለዋል።»

«ለኔ ለምን አልደወሉም?»

«ያንቺ ስልክ መቼ ይነሣል? እንደ ባለቤቱ ግትር ነው» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት ሌካይ የሚወርደው መኪና ላይ የፊት ወንበር ያዘላት፤ እጇን ይዞ አወጣት። ለመንገድ ብሎም የተጠበሰ ሙዝ በቅጠል ጠቅልሎ ሰጣት።

መኪናው ኩርባውን እንደዞረ የደቦ ቀንድ ተነፋ። ኦዛናም ሰበሰበንና «ክሌርሲና ፈቅዳለች፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለን። አመንኩት ብል ውሸቴን ነው። ጣሪያዬ ያፈስ ነበር፤ ዶማዬን አንሥቼ ወጣሁ። በሁለት ቀን ተዳፋቱን ባዶ አስቀረነው።

ሌካይ ላይ የሰዎቹ ቢሮ ዘበኛ ስብሰባ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገራት። በስህተት ነው ብላ የእህቷ ልጅ ቤት አደረችና ቅዳሜ ከሰዓት ተመለሰች። ከመኪናው ሳትወርድ የሚፈላው ሥር ሽታ ሸለቆውን ሞልቶት አገኘችው። ወርዳ ቀና ብላ ተዳፋቱን አየች። ወዲያው መንገድ ዳር ወደቆምኩት ወደኔ ዞረች።

«አንቺም ቆፈርሽ?»

«ፈቅዳለች አለን እኮ።»

«አመንሽው?»

ቀጥ ብላ ኦዛናም ግቢ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። በርሜሉ አጠገብ ላብ እያጠመቀው ቆሟል።

«ሣር እኮ ነው፣ አበልጄ» አላት ገና ሳትናገረው። «መልሶ ይበቅላል።»

«ስለ ሣሩ መች ጠየቅኩህ! እጄን ይዘህ ነው መኪና ላይ ያወጣኸኝ። በዛ እጅህ ነው ልጄን ያቀፍካት።»

ኦዛናም አቀርቅሮ እሳቱን ቆሰቆሰ። እሷም ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች።

በሦስተኛው ሳምንት የጥቅምት ዝናብ መጣ። ተዳፋቱ ተንዶ የክሌርሲናን ችግኝ፣ ታንከሩን፣ አጥሩን ይዞት ሄደ። ሰው አልሞተም። ምንጩ ግን በድንጋይና በአሸዋ ተደፈነ። የከተማ ሰዎቹ መጥተው አይተው፣ ፎቶ አንሥተው ተመለሱ፤ ዳግመኛ አልመጡም። ክሌርሲና የማኅበሩን መጋዘን ቁልፍ ዳቦ መሸጫዬ ላይ አስቀምጣ «ለፈለጋችሁት ስጡ» ብላ ሄደች።

ጥር ላይ ኦዛናም ደጇ መጣ። እኛ ጋ እንግዳ ከአጥር ውጭ ሆኖ «ክብር!» ይላል፤ ባለቤት «አክብሮት!» ሲል ነው የሚገባው። እኔ ዳቦ ይዤላት ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ሦስት ጊዜ «ክብር!» አለ። ክሌርሲና አፈር ፕላስቲክ ውስጥ እየሞላች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«አበልጄ፣ ምንጩ ስለተደፈነ የዘይቱን እንፋሎት የማቀዘቅዝበት ውሃ አጥቼ በርሜሉ ሥራ ካቆመ ወር አለፈው» አለ ከውጭ። «ችግኝ ስጪኝ፤ ራሴ እተክለዋለሁ።»

ልጅቷ የክርስትና አባቷን ድምፅ ሰምታ እየሮጠች ወጣች።

«ቤት ግቢ» አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ግራ ተጋብታ ቆመች፤ ከዚያ ገባች። ኦዛናምም ተመልሶ ሄደ።

አሁን ክሌርሲና ቬቲቨሯን የምትሸጠው ለማዶ ሰዎች ነው። በአህያ ጭነው በበራችን ያልፋሉ፤ የነሱ ተራራ አረንጓዴ እየሆነ ነው። በኛ ተዳፋት ላይ የተከለችው በራሷ ድርሻ ላይ ብቻ ነው፣ ሦስት መስመር። የኔ ድርሻ ከሷ ቀጥሎ ስለሆነ ባለፈው ሳምንት ደፍሬ ችግኝ ጠየቅኳት።

«ቅዳሜ ገበያ ውረጂና እንደማንም ግዢ» አለችኝ።

ወረድኩ። ከማላውቃቸው ሰዎች ኋላ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ አንድ እስር ቆጥራ ሰጠችኝና፣ ስሜን ሳትጠራ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።