የየትናየት ጣቶችና ነፃው ሲስተም

መተማ ዮሐንስ ውስጥ «የትናየት ኮምፒውተር ታውቃለች» ይባላል። ውሸት ነው። የትናየት የምታውቀው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር፤ የጋሼ ቢሆነኝን። በእሳቸው የትራንዚት ቢሮ፣ ድንበር ለሚሻገሩ መኪኖች የጉምሩክ ወረቀትና ደብዳቤ ስታዘጋጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ማሽኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አንድ ቀን አንብባው አታውቅም። «ከግራ ሦስተኛዋን ሥዕል፣ ከዚያ ከታች ሁለተኛውን» እያለች ነው የምትገባው፤ ሰው መብራት በጠፋበት ቤቱ ጨው ፈልጎ እንደሚያገኝ። አማርኛውን ስትጽፍ ግን ጣቶቿ ማሽላ ላይ እንደለቀቋት የተራበች ዶሮ ናቸው። ምላሷም ከጣቶቿ አያንስም።

ጋሼ ቢሆነኝ ደግሞ «ነፃ» የሚል ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል። ነፃ ምሳ አለ ከተባሉ ሩቅ ገለጉ ከተማ ድረስ ይሄዳሉ፤ መንገዱ ጎማ ቢበላባቸው እንኳ ምሳው ነፃ ነበር ብለው ይከራከራሉ።

በሚያዝያ ሙቀት ማሽኑ ማዝገም ጀመረ። ሲስተሙ አርጅቷል፣ አዲሱ ደግሞ የፈቃድ ክፍያና ጠንከር ያለ ማሽን ይፈልጋል ተባለ። ከጎንደር ምንይችል የሚባል ባለሙያ ተጠራ።

«ፈቃድ የማይከፈልበት ሌላ ሲስተም አለ፤ ነፃ ነው» አላቸው።

«ነፃ?»

«አንድ ብር አይጠይቅዎትም።»

«ታዲያ አንተ ምን ልትቀበል መጣህ?» አለች የትናየት ከጥግ። የሰማት የለም። ምንይችል በአንድ ከሰዓት ማሽኑን ገለባበጠና በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ ጎንደር ሄደ።

የትናየት ገብታ ብትቀመጥ ከግራ ሦስተኛዋ ሥዕል የለችም። ሥዕሎቹ ሁሉ ተነቃቅለው ዳር ላይ እንደ ነዳጅ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። በሩ ላይ ሹፌሩ ገሰሰ ቆሟል፤ ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚሻገር አንድ መኪና ሙሉ ሽንኩርት ጭኗል።

«ቶሎ በይ እንጂ የትናየት! የጫንኩት ሽንኩርት ነው፣ ብረት አይደለም!»

«ቆይ አያ ገሰሰ፣ ቤቴን አጥቼው ነው።»

እንደ ምንም የድሮ ደብዳቤዎቿ ያሉበትን አገኘች። ስትከፍተው አማርኛው ሁሉ ሜንጦ፣ ጥያቄ ምልክትና ባዶ ሣጥን ሆኗል። የድሮው የፊደል ፕሮግራም ከድሮው ሲስተም ጋር ሄዷል። ጋሼ ቢሆነኝ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ደብዳቤ ነው ጋሼ።»

ገሰሰ አንገቱን አሰገገ። «ክታብ ነው እንጂ! ለወገቤ የሚሆን ከሆነ አንዷን አትሚልኝ።»

እሷንም ማተም አልተቻለም። በአራት ቅጂ እየጮኸች የምታትመው አሮጌ ማተሚያ አዲሱን ሲስተም አላውቅህም አለችው። የትናየት እንደ አዲስ ልጻፈው ብላ ተነሣች፤ ግን ፊደሎቹም ቦታ ቀይረዋል። «ሽንኩርት» ብላ ብትነካ «ስህንክኡርት» አለላት። ስልክ አንሥታ ለምንይችል ደወለችለት።

«እትዬ፣ ቀላል ነው፤ በሁለት በሦስት ወር ይለምዱታል» አላት።

«ጎሽ! እሱን ለሽንኩርቱ አንተው ደውለህ ንገረው» ብላ ዘጋችበት።

ምንይችል ተመልሶ መጣ፤ የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ወጪው በጋሼ ቢሆነኝ። ማተሚያዋን ነካክቶ «አዲስ ይግዙ» አለ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን የሽንኩርቱ ሽታ ከመኪናው ወርዶ ቢሮ ገባ። ገሰሰም ከነንዴቱ ተከትሎት ገባ። ጋሼ ቢሆነኝ የሚወቅሱት ሲያጡ ወደ የትናየት ዞሩ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሽ ኮምፒውተር አታውቂም!»

ሹፌር ፊት ነው ያሉት። ለካ አላውቅም ብላ ጣቶቿን አየች። ከዚያ ቀና አለች።

«አውቅ ነበር ጋሼ። ነፃ ያሉትን የገዙት የእኔን ዕውቀት ከፍለው ነው» አለች። የገሰሰን ወረቀቶች ከጠረጴዛው ሰብስባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

የሄደችው ሩፊዳ ዘንድ ነው። ሩፊዳ የሱዳን ሴቶች የሚጣፉትን ቶብና የስልክ ልባስ የምትሸጥ፣ ጎን ለጎን ፎቶ ኮፒ የምታነሣ ጎረቤት ናት። ጥግ ላይ የሱዳን ዘፈን የሚያዘፍን አሮጌ ኮምፒውተር አላት።

«ወላሂ የትናየት፣ ይሄ እኮ ከዘፈን በቀር ሌላ አያውቅም» አለቻት።

«እኔም አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው። እንግባባለን።»

ብትከፍተው ከግራ ሦስተኛዋ ሥዕል ቦታዋ ላይ ናት። የድሮው ፊደልም አለ። ደብዳቤው በቃሏ ነበር፤ ሳታየው ጻፈችው፣ ሩፊዳ አተመችው። ገሰሰ ከሰዓት በኋላ ከተረፈው ሽንኩርቱ ጋር ተሻገረ። ሲመለስ ሽንፋ ከተማ ላይ ላገኘው ሹፌር ሁሉ አወራ፤ በሳምንቱ ሩፊዳ ደጅ ላይ መኪና ይሰለፍ ጀመር።

ጋሼ ቢሆነኝ አዲስ ማተሚያ ገዙ። ምንይችልን ለሦስተኛ ጊዜ አስመጡት። ሲስተሙን የምታውቅ ሮዳስ የምትባል ተመራቂም ቀጠሩ፤ እሷ ደግሞ የቱ ወረቀት ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም። ደንበኛ ሲሳሳ ጊዜ የትናየት ዘንድ ራሳቸው መጡ።

«በቃ ተመለሺ፤ ያለፈው አለፈ» አሏት።

«እመለሳለሁ። ግን ሁለት ወር እየተከፈለኝ እማራለሁ፤ በሁለት ወር ውስጥ ‹ቶሎ በይ› የሚለኝ ሰው አይኖርም።»

«ለመማር ደመወዝ? ሰው የሚማረው በራሱ ነው!»

«እንግዲያው በራሴ እማራለሁ» አለች፤ ከሩፊዳ ጋር እኩል ተካፍለው ሊሠሩ ተስማምተው ነበርና።

መማሩስ ተማረች። ሮዳስ በምሳ ሰዓት እየሾለከች ትመጣለች፤ የትናየት የጉምሩኩን ቅጽ ታሳያታለች፣ እሷ ደግሞ በሩፊዳ ማሽን ላይ ከድሮው ጎን የጫነችውን አዲሱን ሲስተም ለየትናየት። በነሐሴ ዝናብ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ሲጠፋ ቁጭ ብለው ይውላሉ። የትናየት ፊደል ስትስት ማሽኑን እስከ ሰባት ቤቱ ትሰድበዋለች፤ ሩፊዳና ሮዳስ ይንከተከታሉ፤ እሷም የሳተችውን አጥፍታ እንደገና ትጀምራለች።