«እናኑ ትሙት!» ያልኩ ቀን

ትናንት ጠዋት ከሱዳኗ መፋዛ ከተማ ወጣ ብዬ በራሃድ ወንዝ ዳር ስሄድ፣ ሣር ሊያቃጥሉ የተሰለፉ ሱዳናውያን ሠራተኞች አየሁ። ክብሪት ከመጫራቸው በፊት አንደኛው እጁን አፉ ላይ አድርጎ «እናኑ! እናኑ! እናኑ!» ብሎ ተጣራ።

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ... እናኑ የእህቴ ስም ነው።

ነገሩ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነው። ሰሊጥ አጨዳ ብዬ ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ ከወረድኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሐሳቤ አንድ ወቅት ሠርቼ መመለስ ነበር። አገር ቤት ግን እህል ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ መንደራችንም ተበተነ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ የመጣውን ሁሉ ብጠይቅ ታናሽ እህቴን እናኑን አየኋት የሚል ሰው አጣሁ።

ሥራ ግን አላጣሁም። ዝናቡ ሲያበቃ በማሽላው እርሻና በጫካው መካከል ያለውን ሣር ቀድመን እናቃጥላለን፤ በጋ ላይ ሰደድ እሳት ቢነሳ የሚበላው አጥቶ እዚያው እንዲቆም። «ኸት ናር» ይሉታል፣ የእሳት መስመር። ግራና ቀኙን መንጥረን መሃሉን እንለኩሳለን። የንፋሱን ጠባይ አውቃለሁ ስላልኩ አለቃ አደረጉኝ።

አለቃ መሆን ደስ ይላል... የሚያወራህ ካለ። ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ነን፣ አማርኛ የሚያውቅ ግን እኔ ብቻ። አረብኛዬ ደግሞ ከእሳት፣ ከውሃና ከ«ና» ከ«ሂድ» አያልፍም። ብቸኝነቱ ሲብስብኝ ራሴን በአማርኛ እሰድብ ነበር፤ ስድብም ቢሆን ወግ ነው።

አንድ ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ፊት ቆምን። ደንቡ ከመለኮስ በፊት ሦስት ጊዜ መጣራት ነው፤ ውስጡ እረኛ ወይም እንጨት ለቃሚ ሊኖር ይችላል። «ናር! ናር! ናር!» ብዬ ጮህኩ፣ እሳት! እሳት! ማለቴ ነው። ዝም። በዕድሜ የሚበልጠን ሠራተኛ አም ኢድሪስ በወፍራም ድምፁ ደገመው። አሁንም ዝም።

ክብሪቱን ጫርኩ፣ ጠፋ። ደገምኩ፣ ተሰበረ። ሦስተኛው ጣቴን ለበለበኝ። ንፋሱ ከተነሳ ደግሞ የዕለቱ ሥራ ቀረ ማለት ነው። ደሜ ፈላና ሣሩ ላይ ጮህኩበት።

«እናኑ ትሙት፣ ዛሬ ሳላነድህ አልሄድም!»

ከሣሩ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ...

«አቤት!»

ክብሪቱን ጥዬ ሮጥኩ። «እናኑ! እናንዬ! ወንድምሽ ነኝ!» እያልኩ ሣሩን በክንዴ እየገፋሁ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ለዚያች ሃያ እርምጃ እህት ነበረችኝ።

በእናቴ ዕድሜ የሚሆኑ ሴት ሁለት ሕፃናት ነጠላቸው ሥር ሸጉጠው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የእኔዋ እናኑ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም።

«ምነው ስንጣራ ዝም አላችሁ? ልትቃጠሉ እኮ ነበር!» አልኳቸው።

«ናር ናር ስትሉ ምኑን አውቄው፣ ልጄ? ወታደር መስሎኝ የልጆቹን አፍ ይዤ ተኛሁ።»

«ታዲያ ኋላ ለምን አቤት አሉ?»

«ስሜን ጠራኸኛ! ሰው ተጠርቶ ዝም ይላል?»

ለካ እሳቸውም እናኑ ናቸው። ከበለሳ በእግራቸው ነው የመጡት።

ውሃ ሰጠናቸው። አም ኢድሪስ ምሳውን ኪስራ፣ የማሽላ ቂጣውን፣ በውሃ እያራሰ ልጆቹን በትንሽ በትንሹ አጎረሳቸው። የእርሻው ወኪል ወደ ስደተኞች መጠለያው የሚያደርሳቸው ትራክተር ላከ። ሲሳፈሩ እጄን ያዙኝ።

«የማንን እናኑ ነበር የምትጣራው?»

በሞቷ እየማልኩ ነበር ለማለት አፈርኩ። «የእህቴን» አልኳቸው።

«እኛ በእሷ ስም ተረፍን። እሷንም እግዜር በሰው ስም ያትርፋት።»

ትራክተሩ ሄደ... ለጥቂት ሰዓት ያገኘሁትን አማርኛም ይዞት ሄደ።

አም ኢድሪስ መጣና «እናኑ ያዕኒ ሽኑ?» አለኝ፣ እናኑ ምን ማለት ነው? እህቴ ናት፣ ትኑር ትሙት አላውቅም፣ ስናደድ በስሟ እምላለሁ... ይህን ሁሉ በየትኛው አረብኛዬ ልንገረው? እሱ ግን በራሱ ተርጉሞት ነበር፦ ሰውን ከሣር ውስጥ የሚያስወጣ ቃል።

በማግስቱ ከመለኮሳችን በፊት ማንም ሳያዘው ተነስቶ «እናኑ!» ብሎ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ላርማቸው እችል ነበር፣ አላረምኳቸውም። እንዲያውም ጠርተው ሲጨርሱ ክብሪቱን ቶሎ አልጭርም ነበር፤ ጆሮዬን ወደ ሣሩ አዘንብዬ ትንሽ እቆያለሁ። «እናኑ ትሙት» ብዬ ግን ዳግም አልማልኩም።

ሠራተኛ ከሠራተኛ እየተቀባበለው ይኸው እስከ ዛሬ አለ። እህቴን አይቷት የማያውቅ ሁሉ ይጣራታል፤ እኔ ግን የት እንደደረሰች ሳላውቅ አረጀሁ።

ትናንትም ሦስት ጊዜ ተጣርተው ሲጨርሱ አንዱ ሠራተኛ ዞር ብሎ በመገረም አየኝ። ለካ ሳላውቀው ጮክ ብዬ «አቤት!» ብያለሁ።

ምን ላድርግ... ሰው ተጠርቶ ዝም ይላል?