በኋላ በር የተሰቀለ ጎማ

ሰኔ ፳፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ከቦሌ ሚካኤል ጎማ ቤቶች በአንዱ፣ ስሙን ለመጠየቅ ያልፈለግሁት ሰው ጎማ ያማርጥ ነበር። ጫማው ያብረቀርቃል፤ ሶሉ ግን ተበልቶ አልቋል። የመኪናው አራት ጎማዎችም ጥርስ የላቸውም። እርሱ ለክረምት የሚሆን፣ ጥርሱ የጎላ አንድ አዲስ ጎማ መርጦ፣ «ኋላ በሩ ላይ ስቀለው፤ ጽሑፉ ወደ ውጭ ይሁን» ሲል አዘዘ።

ወሎዬው ሻጭ እንድሪስ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ነገ ልጆቼን ይዤ ደሴ እሄዳለሁ አላሉም? የጣርማ በር ቁልቁለት በክረምት ቀልድ አያውቅም! በዚህ ፋንታ ሁለት ያገለገሉ ግን ደህና የሆኑ ጎማዎች ከፊት ልግጠምልዎ።»

«አገሬው የሚያየው የኋላውን ነው። ስቀል ብዬሃለሁ!»

ተሰቀለለት። ይህ ሰው በዚያ ዕለት፣ ልጆቹን የሚሸከሙትን አራት ጎማዎች ትቶ፣ መሬት የማይነካውን አምስተኛውን አሳደሰ።