በሰልስታቸው ቀን ፈተና ሄድሁ

ታሪክ ሳጠና አያቴ መደቡ ላይ ሆነው ያዳምጡኝ ነበር። አንድ ነገር በነገርኋቸው ቁጥር «አየኸው ወይስ ሰማኸው?» ይሉኛል። «አነበብሁት» ስላቸው «የጻፈውስ አይቶ ነው?» ብለው ይስቁብኛል። የታሪክ ምንጭ መመርመር ማለት ይኸው ነው፤ ቡሬ ካምፓስ ከመግባቴ በፊት ከእሳቸው ተማርሁት።

አያቴ ሲያርፉ የመምህርነት ፈቃድ ፈተናዬ ከሰልስታቸው ጋር ገጠመ። አክስቴ በር ላይ ይዘውኝ «አፈራቸው ሳይደርቅ እስክሪብቶ ይዘህ የት ልትሄድ ነው? ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።

«ያለውን ይበል፣ እትዬ» ብዬ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ተፈተንሁ።

አሁን ሳነብ የሚያቋርጠኝ የለም፤ ዝምታው ይከብደኛል። ዘመዶቼ እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል። ይውቀሱኝ! ውጤቱ ገና አልመጣም። ብወድቅ ደግሜ እፈተናለሁ፤ በዚያ ቀን ስለሄድሁ ግን ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም።