ያልተላጠችው ዛጎል

አልተላጠችም። ውርጩ አለፈ፣ መጋቢት ገባ፣ ፍቅፋቂ እንኳ አልወረደም። የምሥራቹ የእኔ አይደለም፣ የጎረቤቴ የጊሌን ፒኖ ነው፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ዳቦ ቤቴ ውስጥ መቆም አቅቶኛልና ልጻፈው።

ጊሌን ድንጋይ ጠራቢ ናት። የተወለደችው ከሉዋር ወንዝ በላይ፣ ገደሉ ውስጥ በተፈለፈለ ቤት ነው። አባቷ ጥንት ድንጋይ ይወጣበት በነበረው ዋሻ እንጉዳይ ያበቅል ነበር። የመንደራችን የፎንብሪዮን ቤተ መንግሥትም የተሠራው ከዚያው ዋሻ በወጣ ድንጋይ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የፈረንሳይ ንጉሥ ገንዘብ ያዥ ጣሊያን አገር ያየውን ሁሉ እዚህ ሊደግም ተነሳ፦ ባለ ጠመዝማዛ ደረጃ ግንብ፣ በየበሩ አናት የተቀረጸ ዛጎል። ሁለተኛው ግንብ ጣሪያ ሳይለብስ ንጉሡ አሰረው። አንድ ቀን እንኳ አልኖረበትም።

ጊሌንም አንድ ቦታ አትረጋም። ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው።

ባለፈው ጥቅምት ከቤተ መንግሥቱ ደረጃ በር በላይ የነበረውን ያረጀ ዛጎል አንስታ አዲስ ቀርጻ ተካች። የእኛ ድንጋይ ነጭና ለስላሳ ነው፤ መሬት ውስጥ እንደተኛ ግድግዳም ላይ መተኛት አለበት። ካቆሙት ውሃ በንብርብሩ ይገባና ውርጭ ሲመታው እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ለዚህ ነው ሲያወጡት የላይኛው ፊት ላይ በከሰል ምልክት የሚያደርጉት። የጊሌንን ምልክት ዝናብ አጠበባት። በዓይኗ ገምታ ቀረጸች፤ ዛጎሏ ቦታዋን ከያዘች በኋላ ግን ድንጋዩን አቁሜው ይሆን የሚል ጥርጣሬ ገባት። ሄዳ ለቤተ መንግሥቱ ባለቤት ነገረቻቸው።

"እንግዲህ ብርዱ ይፍረድ፣ ማዳም ፒኖ" አሏት ሙሴ ደ ቪርላክ። "ከጸናች ሁለተኛውን ግንብ እርስዎ ይጠግኑታል። ከተላጠች ግን ከከተማ ሌላ ድርጅት አመጣለሁ።"

በድንጋይ ፋንታ ሲሚንቶ የሚለስን ድርጅት መሆኑን ሁላችንም አወቅን። ብርዱን ሙሉ ጊሌን በየማለዳው ዛጎሏን አይታ ነው ወደ እኔ የምትመጣው።

"ድንጋይሽ እንዴት አደረች?" ይላታል ፖስተኛው ባስቲያን።

"ካንተ ፊት ትሻላለች።"

"ትኩሳቷን ለካሽ?"

"ዝም ብለህ ዳቦህን ግዛ።"

ትስቃለች፤ እጇ ግን የባንኮኒዬን ፍርፋሪ ይለቅማል።

"አረፍ በይ እንጂ፣ ጊሌን" እላታለሁ።

"ካረፍኩ ትላጣለች።"

ዛሬ መሰላል አቁማ ወጣች። እኔም ዱቄቴን ሳላራግፍ ከሙሴ ደ ቪርላክ ጎን ከሥር ቆምኩ። በጣቷ አንኳኳች። የተላቀቀ ድንጋይ እንደ ካርቶን ነው የሚሰማው፤ ይቺ እንደ ደህና ሸክላ ጮኸች። ጠርዟን አንኳኳች፣ እንደዚያው።

"ያኛው ግንብ የእርስዎ ነው" አሉ ሙሴ ደ ቪርላክ።

"ድንጋዩን ከነገ ጀምሬ ላውጣ?" አለች ከላይ።

"መጀመሪያ ከመሰላሉ ይውረዱ።"

ሳትወርድ ወደዚያኛው ግንብ አንገቷን አስግጋ ስትለካ ትቻት መጣሁ። ባለቤቴ ኦዲል ገበያ ናት፣ አልሰማችም። ባስቲያን በብስክሌቱ ቀድሞ ሳይነግራት ልሮጥ፤ ምድጃውን የሆነ ሰው ያይልኛል።