ጄኔቭ ድረስ የተከተለችው ሴት

ስልክ ይሁን ቴሌቪዥን ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ከፍቼው ያልገባኝ ዕቃ የለም። ማንም አላስተማረኝም። እዚህ ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ አደባባይ ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የተሰበረ ሬዲዮ እየገዛሁ፣ ቤት አምጥቼ ፈታትቼና ገጣጥሜ ነው የተማርኩት። ለዚህ ነው ጄኔቭም ሆነ ዙሪክ ያለ ያገሬ ሰው ስልኩ ባስቸገረው ቁጥር ለእኔ የሚደውለው። አላጋነንኩም።

ያን ቀን የደወለችው ሴት ግን ስልክ አልተበላሸባትም። ዙሪክ፣ ቪዲኮን የሚኖር የድሮ ወዳጄ ሚስት ናት። ወዳጄ ትራም ሲያጸዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አንድም ጾም የማያልፈው፣ ቤተ ክርስቲያን ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለችኝ ሰላምታዬን ሳትመልስ። «ባለፈው እናንተ ቤት ሲሰነብት የት ነበር የሚሄደው?»

«የትም አልሄደም። ምን ሆነሻል?»

«ሴት ይዟል። ሴትዮዋ ደግሞ ጄኔቭ ድረስ ተከትላዋለች።»

እኔንም እንደጠረጠረችኝ ከድምጿ ገባኝ። ቤቴ አድሮ ገበታዬ ላይ ስለበላ፣ ሸፋኙ እኔ ልሆን ነው። በማግስቱ ባቡር ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ እኔም ሰው ነኝና መጠርጠር ጀመርኩ። ያኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ሐይቁ ዳር ነፋስ ልቀበል» ብሎ ብቻውን ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም፤ ስልኩንም ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፍቶ ነው ያስቀመጠው። ያኔ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ሌላ መሰለኝ።

ቪዲኮን ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት በሩ ሥር የቆመ ሻንጣ ነው። በርን ከተማ ወዳለችው ልጇ ልትሄድ ነው፤ ከሄደች ደግሞ እንደማትመለስ ለባሏ ነግራዋለች። እሱ ሶፋው ጥግ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። ስልኩ እሷ እጅ ነው።

«ዱቄት ዕቃ ውስጥ ነው ናቴሉን፣ ይሄን ስልኩን፣ ደብቆት ያገኘሁት» አለችኝ። «ንጹሕ ሰው ስልኩን ዱቄት ውስጥ ይቀብራል?»

«አፍሬ ነው» አለ እሱ። «ሴትዮዋን አላውቃትም።»

«እሷ ታዲያ በምን አወቀችህ?»

አሳየችኝ። ትከሻዋ የተራቆተ ሴት ፎቶ፣ አጠገቡ በጀርመንኛ «ብቻዬን ነኝ። ዙሪክ ነኝ፣ ካንተ ብዙ አልርቅም» የሚል ጽሑፍ። ከዚያ በራሷ ስልክ ፎቶ ያነሳችውን ሌላ መልእክት አወጣች፤ ከጄኔቭ ሲመለስ ስልኩ ላይ ያገኘችው ነው። ያችው ሴት፣ በፈረንሳይኛ፣ ጄኔቭ ነኝ ትላለች።

«ይኸው! እሱ ዙሪክ ሲሆን ዙሪክ፣ እሱ ጄኔቭ ሲሄድ ጄኔቭ። ይሄ አጋጣሚ ነው?»

ስልኩን እንድትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ።

«አይነኩትም። አጥፍተው ሊሰጡኝ ነው?»

እሺ አልኩ። እኔ እየነገርኳት እሷ በጣቷ ትነካለች። ማሳወቂያ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ድረ ገጾች የሚታዩበት ቦታ ላይ አደረስኳት። አንድ ብቻ ነበር። ጮክ ብላ ስታነበው ባሏ ከሶፋው ተነሳ።

«እሱማ የጾም ማስታወሻዬ ነው! ጾም ሲገባ ላሳውቅህ ወይ ሲለኝ ፍቀድ የሚለውን ተጫንኩ።»

«ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ ነግሮሃል?» አልኩት።

አሰበ። «አልነገረኝም። ከካህኑ ነው የሰማሁት።»

በዚህ ጊዜ ነገሩ በራልኝ። የጾም ማስታወሻውን የሠራው ሰው ትቶታል ወይም ሸጦታል። አዲሱ ባለቤት ደግሞ የአዋቂ ነን ለሚሉት ነውረኛ ድረ ገጾች ማስታወቂያ መላኪያ አድርጎታል። ወዳጄ ለጾም ብሎ የሰጠው ፈቃድ አልተሻረም፤ የሚላክለት ግን ሌላ ነው። ሴትዮ የምትባል የለችም። ፎቶው አንድ ነው፣ ለስንቱ ይላካል። የከተማውን ስም የሚጽፈው ማሽን ነው፤ ስልኩ የተያያዘበት የቤት ኢንተርኔት የት እንዳለ አይቶ ይሞላዋል። ይህን ሁሉ በግልጽ አማርኛ አስረዳኋት። ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

«ወንዶች ስትሸፋፈኑ ታምራላችሁ!» አለች። «የጾም ማስታወሻ ነው ራቁቷን የሆነች ሴት የሚልከው?»

«እንግዲያው እሱ እዚህ ይቅር» አልኳት። «ስልኩን ይዘሽ ከእኔ ጋር ጄኔቭ ነይ። ሴትዮዋ የምትከተለው እሱን ከሆነ እዚሁ ትቀራለች።»

«እዚያ ካልመጣችስ?»

«ያኔ ውሸታሞች ነን።»

ሻንጣውን አነሳች። «ካልመጣች ከእናንተ ቤት በቀጥታ ወደ ልጄ ነኝ።»

ወዳጄ ደረጃው ላይ እጄን ያዘኝ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?» አልኩት። ማሽኑ ሲፈልግ እንጂ ስንፈልገው እንደማይልክ አልነገርኩትም።

ባቡር ውስጥ ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ ነበር። ሽንት ቤት ስትሄድ ይዛው ሄደች። ቡና ልግዛልሽ ብላት እንኳ የምመርዛት ይመስል ራሷን ነቀነቀች።

ኦ ቪቭ ሰፈር፣ ቤታችን ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። የዋይፋያችንን የይለፍ ቃል ነገርኳት፤ ራሷ ጻፈችው። ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አኖረችው። ባለቤቴ ሻይ ቀዳች፣ ሻዩ በረደ፣ እንደገና ቀዳች። ምንም የለም። ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ እሷም መጠርጠር እንደጀመረች አወቅኩ። ወዳጄ ሐይቁ ዳር የተቀበለው ነፋስ መልሶ ትዝ አለኝ።

ስልኩ ጮኸ።

ፈረንሳይኛ አትችልም፤ የከተማውን ስም ግን አልሳተችውም። የሴትዮዋንም ፊት አልሳተችውም። ባለቤቴ ተረጎመችላት፦ «ብቻዬን ነኝ። ጄኔቭ ነኝ፣ ካንተ ብዙ አልርቅም።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ወዳጄም ያን ቀን ፊቱ የተበላሸው፣ ስልኩንም የደፋው በዚህ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ በራሷ ስልክ ወደ ቤቷ ደወለች፤ የቤቱን ስልክ ባሏ አነሳው።

«ሴትዮህ መጥታለች» አለችው።

«የት?»

«ጄኔቭ። አሁን ደግሞ እኔን ተከትላ።»

የባሏ ድምፅ ከስልኩ ለሁላችንም ተሰማ፦ «ታዲያ ሻይ ስጧታ!»

አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ካፖርቷን አወለቀች፤ ስልኩንም ወደ እኔ ገፋችው።

«አሁን ይንኩት፣ ጋሼ።»

ፈቃዱን ሰረዝኩት። አንድ ጣት በቃው።

«አሁን ጾሙን ማን ሊነግረን ነው?» አለች።

«እኔ። ባሕረ ሐሳቡን ራሴ ነው የማሰላው፤ ማንም አላስተማረኝም።»

«ይንገሩን» አለች፣ የቀዘቀዘውን ሻይ እያነሳች። «እኔ ግን ካህኑንም እጠይቃለሁ።»